ከማንጎው ሥር የተቀመጡት

ሰሞኑን ዝናቡ ጀምሯል። ጁባ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ የሚነሳው ሽታ የአፈር ብቻ አይደለም፤ የዛገ ቆርቆሮ፣ የተቃጠለ ሣር፣ የከሰል አመድ፣ የወደቀ የኒም ፍሬ ሁሉ አብሮ ረጥቦ የሚተነፍሰው ነው። ትናንት ጠዋት ኮር ዊሊያም ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ወንበሬን አውጥቼ ያንን ሽታ እየሳብኩ ተቀምጬ ሳለ፣ ከአጥሩ ማዶ ካለችው ትንሽ ትምህርት ቤት የልጆች ድምፅ መጣ። የማባዛት ሰንጠረዥ በእንግሊዝኛ፣ በዜማ። አንድ ሁለቱ ከፊት ሆነው ይመራሉ፣ ብዙዎቹ ይከተላሉ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ጠብቀው ይጮኻሉ። የትኛው ልጅ እንደሚያውቅ፣ የትኛው አፉን ብቻ እንደሚከፍት ሳላያቸው መለየት እችላለሁ፤ ዕድሜዋን ስታስተምር የኖረች ሴት ጆሮ እንዲህ ሆኖ ይቀራል። ባለቤቴ ተስፋዬ ሬዲዮውን በብብቱ ይዞ ወጣና «ደግሞ ምን ታዳምጫለሽ?» አለኝ። «ጉምቦን» አልኩት። ጉምቦ ከነጭ ዓባይ ማዶ ነው፤ ከኮር ዊሊያም ቀርቶ ከድልድዩ አፍ ላይ ተቁሞም አይሰማም። ራሱን ነቀነቀና ወደ ውስጥ ተመለሰ።

ያኔ ጁባ ሌላ ነበረች። የሰሜንና የደቡቡ ጦርነት አብቅቶ ሰው ከየአቅጣጫው እየተመለሰ ነበር፤ ከካርቱም በጀልባ፣ ከኡጋንዳ በጭነት መኪና፣ ከእኛ አገር ከጋምቤላ በኩል ደግሞ በእግርም በመኪናም። መንገዱ ሁሉ ቀይ አቧራ ነው። ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ጠዋት ነጭ ሆኖ ወጥቶ ማታ የሸክላ ቀለም ይዞ ይገባል። ወንዶቹ ሙቀቱን ከቁብ ሳይቆጥሩ ሰፋ ያለ የሰልባጅ ሙሉ ልብስ ይለብሳሉ፤ ከካርቱም የመጡት ሴቶች የፓፓያና የሰማይ ቀለም ያለው ቶብ የሚባለውን ረጅም መጎናጸፊያቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ ይራመዳሉ፤ ለወጣቶቹ ደግሞ እግር የሚያሳይ የላስቲክ ጫማ ፋሽን ነበር። አንድ ራስ ጥቅል ጎመን ከዶሮ ይወደዳል። ቲማቲም በፍሬ ነበር የሚሸጠው፤ ሻጯ ጥቂት ጥቂቱን ከምራ እንደ ጌጥ ትደረድረዋለች። ተስፋዬ ጀበል ላይ ከተራራው ሥር ምግብ ቤት ከፍቶ ነበር። ጴንጤዎች ስለሆንን ቢራ አንሸጥም፤ አጠገባችን ያለው ያገራችን ሰው ግን ቡና ቤት ነበረው፣ ማታ ማታ ከሱ ድምፅ ማጉያ የሚመጣው የክራር ዘፈን ከኛ መዝሙር ጋር በአጥሩ ላይ ይገናኛል። የሁለታችንም ጄኔሬተር ሲጠፋ ብቻ ነበር ዝም የምንለው። ያን ጊዜ የተራራው ጥቁር ጀርባ ይታያል፣ ከሩቅ ከበሮ ይሰማል፣ እኔም ቢሾፍቱ የተውኩትን ሰሌዳና ጠመኔ አስባለሁ።

እውነቱን ለመናገር ለምግብ ቤት አልተፈጠርኩም። ጨው እረሳለሁ፣ ወይም ሁለቴ እጨምራለሁ። ተስፋዬ ሰው ፊት አይናገረኝም፤ ሳህኑ ሳይነካ ሲመለስ ግን ያየኛል። አንድ እሁድ ከጸሎት በኋላ አንዲት እህት «ጉምቦ ያለው ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ አጥቷል፤ ጌታ አንቺን ይሆናል ያሰበው» ስትለኝ፣ ጌታን ከማመስገኔ በፊት ተስፋዬ አመሰገነ።

እንዲህ ሆኖ በየጠዋቱ ድልድዩን መሻገር ጀመርኩ። የድልድዩ ብረት በመኪና ሲረገጥ እንደ ጥርስ ይንቀጫቀጫል፤ ከሥር ወንዙ ወፍራም፣ ቡናማ፣ ዝም ያለ፣ የሣር ደሴቶች ተሸክሞ ይወርዳል። ትምህርት ቤቱ ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ የቀርከሃ ምንጣፍ ነበር። ደወሉ በሽቦ የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ጎማ ቸርኬ ነው። ርዕሰ መምህሩ ኡስታዝ ላዶ ይባላሉ፣ እዚያ አስተማሪን ሁሉ ኡስታዝ ነው የሚሉት፤ ቀጭን፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ በጦርነቱ ዘመን ጫካ ውስጥ ዛፍ ሥር ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው። አምስተኛ ክፍልን ሰጡኝ። ገብቼ ቀላል ማካፈል ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ልጆቹ ሁሉ አጎንብሰው ገለበጡት፣ ያውም እንዴት ባለ ውብ እጅ ጽሑፍ። ከዚያ ቀና ብለው መልሱን እንድጽፍላቸው ጠበቁ። ቀስ በቀስ ገባኝ። አንዱ ካርቱም በዓረብኛ፣ አንዱ ኡጋንዳ በእንግሊዝኛ ተምሯል፤ ከጋምቤላው ኢታንግ የመጣው በአማርኛ «ቲቸር፣ አልገባኝም» ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ ጨርሶ ክፍል ገብቶ አያውቅም፣ ቁመቱ ታይቶ ነው አምስተኛ የተባለው። ጢም ያበቀለ ጎረምሳና ገና ጥርሱን የሚነቅል ልጅ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል።

«ኡስታዝ፣ ይሄ አንድ ክፍል አይደለም፣ አራት ክፍል ነው» አልኳቸው።

«አራት ብቻ ነው ያየሽው?» አሉኝ ኡስታዝ ላዶ።

«ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያውን ሰዓት ስጡኝ። ልጁ ሁሉ ክፍሉን ትቶ፣ ሒሳብ በሚችለው ልክ ከመሰሎቹ ጋር ይቀመጥ። ሰዓቱ ሲያልቅ ወደየክፍሉ ይመለስ።»

«ትልልቆቹን ከትንንሾቹ ጋር? እዚህ ጠመንጃ ይዘው የነበሩ ልጆች እንዳሉ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ኪሳቸው ላይ የተሰኩትን እስክሪብቶዎች እየነካኩ ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ «እሺ። ግን አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃ አትበይ። የዛፍ ስም ስጫቸው» አሉኝ።

ግቢው ውስጥ ሦስት ጥላ ያላቸው ዛፎች ነበሩ። ማንጎው ከሁሉም ይሰፋል፤ ለጀማሪዎቹ እሱን ሰጠን፣ እኔም እዚያው ሆንኩ። ኒሙ መደመርና መቀነስ ለሚሞክሩት፣ በአንድ ወጣት አስተማሪ እጅ። ማባዛትና ማካፈል ላይ ለደረሱት ደግሞ ቲክ የሚባለው ቀጥ ያለ ረጅም ዛፍ፣ ከራሳቸው ከኡስታዝ ላዶ ጋር። ስሙን ያወጣነው ማንም እንዳያፍር ነበር። ልጅ ግን አይታለልም። በማግስቱ ኳስ ሜዳ ላይ ጎል የሳተው ሁሉ «ማንጎ!» እየተባለ ይሰደብ ነበር።

ልጆቹን የለየሁት አንድ በአንድ አጠገቤ እያስቀመጥኩ ነው። የደረቀ ሣር ዘንግ እንደ ገብስ ነዶ አሥር አሥሩን አስሬ፣ ነጠላዎቹን ደግሞ ለብቻ አስቀምጬ ነበር። «ይህን ያህል ስጠኝ፣ ይህን ያህል ቀንስልኝ» እላለሁ። የዚያን ቀን ነው ኪደንን በቅጡ ያየኋት። ሰማያዊ ዩኒፎርሟ ደጋግሞ ጠርዙ የተለቀቀ፣ አንገቷ ረጅም፣ የአምስተኛ ክፍል ረጅሟ ልጅ። በእጇ ሁለተኛ ክፍል ያለውን ወንድሟን ዋኒን ይዛለች። ከካርቱም በጀልባ ሲመጡ እሱ ትንሽ ነበርና መውጫ መውረጃው ላይ ሁሉ በጀርባዋ ያዘለችው እሷ ናት። አባታቸው መንገድ ላይ ቀርቷል፤ እንዴት እንደቀረ የነገረኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ኪደን እስከ መቶ በእንግሊዝኛ እንደ መዝሙር ታወርደዋለች። «ሃያ ሦስት ዘንግ ስጪኝ» ስላት ግን ዝም ብላ እፍኝ ሣር አንስታ ዘረጋችልኝ። ከትከሻዋ ጀርባ ዋኒ በቀስታ «ሁለት እስርና ሦስት» አለ። ተራው ደርሶ እሱን ስጠይቀው የማይመልሰው አልነበረም፤ ማካፈሉን ሳይቀር። ስለዚህ ትንሹ ወደ ቲኩ፣ ትልቋ ወደ ማንጎው ተመደቡ።

ኪደን ተነሳች። ልጆቹ ለመቀመጫ ከየቤታቸው ይዘው የሚመጡትን ትንሽ ቢጫ ጀሪካን አንስታ ከማንጎው ሥር አኖረች፣ ጉልበቷ አገጯ ጋ ደርሶ በሕፃናቱ መሃል ተቀመጠች። ከኒሙ በኩል አንድ ሰው ሳቀ። በማግስቱ አልመጣችም።

ዋኒ ግን ብቻውን መጣ፣ እንግዳ ነገርም ጀመረው። ከኡስታዝ ላዶ ሥር ሆኖ የተጠየቀውን ሁሉ ይስታል። ወደ ኒም አወረዱት፣ እዚያም ሳተ። ወደ እኔ ሲልኩት ጀሪካኑን እየጎተተ በደስታ እየሮጠ መጣ፤ ከማንጎው ሥር ዙሪያውን አማተረና ፊቱ ጠፋ። ሁለትና ሁለት ስንት ነው አልኩት። «ዘጠኝ» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

«ዋኒ፣ ምን ሆነሃል?»

ጣቱን በአፈሩ ላይ እያስኬደ ቆየ። እንግሊዝኛው በዚያ ዕድሜው ከእኔ ይፈጥን ነበር። «ኪደን ማንጎ ከሆንኩ አልሄድም አለች። እኔም ማንጎ ከሆንኩ ትመጣለች ብዬ ነው» አለኝ።

ከትምህርት በኋላ መንገዱን እየመራኝ ወደ ቤታቸው ሄድን። የሣር አጥር፣ ሁለት ጎጆ፣ ደጃፉ ላይ ፍሬ የከበደው ማንጎ። እናታቸው፣ በልጇ ስም ማማ ኪደን የምትባለው፣ ሰሌን አነጠፈችልኝና ውሃ አመጣች። ኪደን ከጓሮ ድስት በአሸዋ ትፈገፍጋለች፤ ቀና አላለችም። የእኔ ዓረብኛ ያኔ ከሰላምታ አያልፍም ነበርና ዋኒ መሃላችን ቆሞ ያስተረጉማል፣ የራሱ ጥፋት ሲወራ ሳይቀር።

«ልጄ ትልቅ ሰው ናት» አለች እናቲቱ። «ከሕፃን ጋር ተኮልኩላ አፏን ከምትከፍት ድስት ብታጥብ ይሻላታል። አክስቷ ከቶሪት ልካባታለች። ቤት ታግዛታለች፣ ከዚያም ባል ይገኝላታል። በዚህ ሳምንት ትሄዳለች።»

«እሷስ ምን አለች?»

ዋኒ ዘወር ብሎ ጠየቃት። ኪደን ድስቱን ብቻ ትፈገፍጋለች። ነገሩ ያለቀ መሰለኝና ለመሄድ ተነሳሁ። ማማ ኪደን እንግዳ ባዶ እጁን አይሄድም ብላ በደጃፉ ወዳለው ዛፍ እያሳየች «ሺሉ ማንጎ፣ ካምሳ» አለችኝ። ማንጎ ውሰጂ ማለቷ ገባኝ፤ ካምሳ የሚለውን ግን በራሴ ቋንቋ ሰማሁት።

«ሃምሳ! ይሄን ሁሉ ማንጎ በምን ልሸከመው?» አልኩ ደንግጬ፣ በእጄም ትልቅ ክምር እየሠራሁ።

ዋኒ ሲያስተረጉምላት ማማ ኪደን ይበልጥ ደነገጠች። ይቺ ሴት ዛፌን ልታራቁተው ነው ያለች መሰለኝ። አስረዳኋቸው፤ በእኛ አገር ሃምሳ ማለት አምስት አሥር ነው፣ አርባ አራት አሥር፣ ሰባ ሰባት አሥር ነው አልኳቸው። ለካ እዚህ አርባ አራት ነው፣ ካምሳ አምስት፣ ሳባ ሰባት። ገበያ ላይ ስንት ጊዜ ዋጋ ተጠርቶልኝ በድንጋጤ ጥዬ ሄጃለሁ! ይህንንም ነገርኳቸው። ከጓሮ በኩል ድስት መሬት ላይ ሲወድቅ ተሰማ፣ ከዚያ ሳቅ። ኪደን ነበረች። በእርጥብ እጇ አፏን ይዛ ትስቃለች፤ ልታቆም ትሞክራለች፣ አይሆንላትም፤ እናቷም ተከተለቻት፣ እኔም።

ኪደን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣች። «ጌኒ» አለችኝ፤ ተቀመጪ ማለቷ ነው። ተቀመጥኩ። ማንጎዎቹን አንድ በአንድ ፊቴ አኖረች። «ዋሂድ። ቲኔን። ታላታ። አርባ። ካምሳ።» ደገምኩላት። አሰባጥራ ስትጠይቀኝ ተሳሳትኩ፤ አንዱን ማንጎ አንስታ መለሰችው። እንደገና ተሳሳትኩ፣ ሌላውንም ወሰደች። ፊቷ ላይ ጥብቅ ያለ፣ ትዕግሥት ያለው ነገር ነበር፣ የጥሩ አስተማሪ ፊት። ማንጎዎቼን በመከራ አስመለስኩ።

«ነገ ከማንጎው ሥር ነይ። ቁጥር የሚያስተምረኝ ሰው የለኝም» አልኳት።

በዋኒ በኩል ጠየቀችኝ፤ «ከልጆቹ ጋር መሬት ትቀመጫለሽ?»

«እቀመጣለሁ።»

«በዚህ ቀሚስ?»

የለበስኩት የተተኮሰ ነጭ ቀሚስ ነበር። «በዚሁ ቀሚስ» አልኩ።

ማማ ኪደን ሁለታችንን ስታየን ቆየችና «ማንጎው ከዛፉ እስኪያልቅ ትሞክር» አለች። ወዲያው ኪደን ወደ ዋኒ ዞራ የተናገረችውን ግን ማንም ሳያስተረጉምልኝ ከድምፅዋ ተረዳሁት፤ በኋላ ራሱ ነገረኝ። «በጀርባዬ ተሸክሜ ያመጣሁህ አጠገቤ እንድትጎለት ነው? ነገ ሄደህ ቲክህ ሥር ተቀመጥ።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ጠዋቶች እንደ አንድ ረጅም ጠዋት ሆነው ነው የሚታሰቡኝ። ብርሃኑ በማንጎው ቅጠል መሃል እየተንጠባጠበ፣ ከመንገዱ የውሃ ቦቴ እያጓራ፣ ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ። መጀመሪያ እኔ መሬት ተቀምጬ ኪደን ቁጥር ታስጠናኛለች፣ ሕፃናቱ ስሳሳት በእልልታ ያርሙኛል። ከዚያ እኔ ተነስቼ ሣሩን አነሳለሁ። ነጭ ቀሚሴ ዳግመኛ ነጭ አልሆነም፤ ተስፋዬ «የጉምቦን ግማሽ መሬት ይዘሽ ነው የምትመጪው» ይለኝ ነበር። ኪደን መደመሩን ቶሎ ያዘችው፤ መቀነሱ ላይ፣ ከአሥር ቤት መበደር የሚባለው ላይ ቆመች። አንድ ጠዋት ከፊቷ አራት እስርና ሁለት ነጠላ ዘንግ አስቀምጬ ሰባት እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት። ነጠላዎቹን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ አንዱን እስር አንስታ ክሩን ፈታችው፣ ሣሩ ጭኗ ላይ ተበተነ። ሰባት ቆጥራ ሰጠችኝ። የቀረውንም ቆጠረች።

«ኡስታዛ፣ የተበደረው መቼ ነው የሚመልሰው?» አለችኝ።

«አይመልስም።»

«ታዲያ ብድር አይደለማ። እስሩን ፈታነው እንጂ።»

እኔ ያን ሁሉ ዘመን ሳስተምር አንድም ልጅ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ መበደር ብዬ አስተምሬ አላውቅም፤ መፍታት ነው የምለው። የማንጎው ወቅት አለቀ፣ ዝናቡ ገባ፣ ማማ ኪደን የቶሪትን ነገር ዳግም አላነሳችም። ኪደን ኒም ሥር ገባች። ከእሷ በኋላ ሁለት ጎረምሶች ሳይጠሩ መጥተው ከማንጎው ሥር ተቀመጡ። ስድቡም በራሱ ጊዜ ሟሟ።

የሁሉንም መጨረሻ ልንገራችሁና ወደ አንድ ጠዋት ልመለስ። ከዚያ በኋላ ሌላ ክፉ ጊዜ፣ ሌላ ጦርነት መጣ፤ ተኩስ ተሰማ፣ ድልድዩ ተዘጋ፣ ሰው እንደገና ጓዙን በራሱ ተሸክሞ ወደ ኡጋንዳ ተሻገረ። ኡስታዝ ላዶ እዚያው በስደት ሳሉ በሕመም አረፉ። እኛም አዲስ አበባ ሄደን ተመለስን፤ ምን እንደመለሰን ሰው ሲጠይቀን ተስፋዬ «ሙቀቱ» ይላል። ዛፎቹ የሉም፤ ቲኩ ለምሰሶ ተቆረጠ፣ በማንጎው ቦታ የሲሚንቶ ክፍል ተሠርቷል፣ ጥሩ ክፍል ነው። ዋኒ እዚሁ ጁባ መሥሪያ ቤት ገብቶ፣ ክራባት አስሮ አንዳንድ እሁድ ይጠይቀኛል። ኪደን ከድንበሩ ማዶ ቀርታለች፤ ወፍጮ ቤት አላት፣ ሴት ልጆች አሏት። ሰላምታዋን በእሱ በኩል ትልክልኛለች።

ጠዋቷ እንዲህ ናት። ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያልፍ ልጅ መቀመጫውን ይዞ ግቢውን በሁሉ ፊት ይሻገር ነበር። ኪደን ከኒም ወደ ቲክ ያለፈች ዕለት የማንጎ ሕፃናት ሳይታዘዙ ተነስተው ጀሪካኗን ተሻምተው ተሸክመው አጀቧት። ዋኒ ከቲኩ ሥር ተነስቶ ቆሞ ጠበቃት፤ እጁን የት እንደሚያኖር አጥቶ። አጠገቡ ተቀመጠች። ኡስታዝ ላዶ የሰጧትን ማካፈል ሠርታ ስታሳያቸው ሰሌዳው ላይ በቀይ ጠመኔ የሚያርሙት አላገኙም። ማማ ኪደን ከአጥሩ ውጭ ቆማ ታይ እንደነበር የነገሩኝ በኋላ ነው።

በማግስቱ ስደርስ ግን ኪደን ከማንጎው ሥር ተቀምጣለች። አንድ ሰው ክፉ ቃል ተናግሯት ይሆናል ብዬ ቀረብኩ። ከጎኗ የማላውቃት ልጅ ነበረች፤ ዩኒፎርም የላትም፣ እግሮቿን የት እንደምታጥፋቸው አታውቅም፣ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። በትንንሾቹ መሃል ሁለት ጥንድ ረጃጅም እግሮች ወደ ፊት ተዘርግተዋል።

«ኪደን፣ ቦታሽ እኮ እዚያ ነው» አልኳት።

ያን ጊዜ ዓረብኛዬ ይበቃኝ ስለነበር አስተርጓሚ አልፈለግንም። «አውቃለሁ፣ ኡስታዛ። ይቺ ዛሬ ነው የመጣችው። ከእኔም ትረዝማለች» አለችኝ። ቀጥላም ልጅቷ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔ ከሄድኩ ረጅሟ እሷ ብቻ ትሆናለች» አለች።

ከቲኩ ሥር ኡስታዝ ላዶ «ኪደን የታለች?» ብለው ተጣሩ።

«እዚህ ናት፣ ኡስታዝ» አልኩ። «ትንሽ ትቆያለች።»